ሴትዮዋ ናት አሉ

ይህ ነገር ሆኗል።

ልብ ወለድ ነው ብሎ የሚያነብ ካለ ያንብብ፤ አልጨቃጨቅም። ብቻ ደባርቅ ወርዶ ስለ ሊማሊሞው ጉድጓድ አንድ ሁለት ሰው ይጠይቅና ፊታቸውን ሲያዞሩ ይያቸው።

የደረሰበትን ሰው አውቀዋለሁ። ፀጋው ይባላል። የነገረኝ ጎንደር፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው። በሩ እንዲዘጋ አልፈቀደም።

ጊዜው ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምህረት፣ የጥቅምት መጨረሻ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው ደባርቅ፣ ተዝካር ቤት።

እኩለ ሌሊት ነበር ብዬ ላስፈራራችሁ እችል ነበር። አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ፣ ዳሱ ውስጥ ሰው ግጥም ብሎ እየበላ ነበር።

ፀጋው የቤተ ክህነት ልጅ ነው። አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩ። እሱም ድቁና ተቀብሎ፣ ኋላ ትቶት፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሥራ ይዟል። መንገዱ ወደ ታች መጠምዘዝ ከሚጀምርበት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው ቦታው።

ለዘመዶቹ "የመንገድ ሥራው ማሽን ጠባቂ ነኝ" ብሏቸዋል።

ዋሽቷል። የሚጠብቀው አሳማ ነው።

መንገዱን ለመሥራት የመጡት የውጭ አገር ሰዎች ይገዙኛል ብሎ አንድ ባለሀብት ከአዲስ አበባ አምጥቶ ያረባቸው አሳማዎች ነበሩ። በዚያ አገር ደግሞ እንኳን መጠበቅ፣ ስሙን የጠራም ምራቁን እንትፍ ይላል። የመምህር ልጅ አሳማ ይቀልባል ተብሎ ቢሰማ፣ ፀጋው ከእናቱ ተዝካር ዳስ ውስጥ በአንገቱ ተይዞ ይወጣ ነበር።

ሚስቱ ዘቢደር አብራው ትሠራለች። ሳቂታ ናት፤ አፏም አያርፍም። ግን ያን ስም አትጠራም። "እኔ በዚህ አፌ ቅዱስ ቁርባን የምቀበል ሰው ነኝ" ትላለች፣ ማተቧ ላይ ያለችውን ክንዷ የጎበጠ የብር መስቀል እየነካች።

ስለዚህ ሌላ ስም አወጣች።

እናቲቱን አሳማ "ሴትዮዋ" አለቻት። ከባድ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመድ፣ እንደ ባለጸጋ ሚስት ሰው እያየች ነው የምትበላው። ግልገሎቹን ደግሞ "ልጆቹ" አለቻቸው።

"ሴትዮዋ በላች?"

"በላች።"

"ልጆቹስ?"

እንዲህ እየተባባሉ ይስቁ ነበር ባልና ሚስት። ሰው መሀል ሲሆኑም ማንም ሳይነቃባቸው ስለ ሥራቸው ያወሩበታል። ለምርመራ ከጎንደር የምትመጣው የእንስሳት ሐኪም ስጦታም ሰምታ በጣም ሳቀችና እሷም "ሴትዮዋ" ማለት ጀመረች።

ከሦስቱ ሌላ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ በሽታው ገባ።

አሳማዎቹ ያተኩሳቸዋል። ጆሯቸው ይጠቁራል። ካፍንጫቸው ደም ይወጣና ይወድቃሉ። ልጆቹ እናታቸው ጡት ሥር እንደተደረደሩ አለቁ።

ሴትዮዋ ግን ምንም አልሆነችም።

ልጆቿ አጠገቧ ሲያጣጥሩ እሷ ትበላ ነበር። ሌሎቹ ባለቁ ቁጥር እሷ ወፈረች። ድምፅ ማሰማትም አቆመች። ከጋጣው ጥግ ቆማ የባልና ሚስቱን ቤት በር ታያለች... ዘቢደር ስትወጣ አንገቷን ታዞራለች... ዘቢደር ስትገባ መልሳ በሩን ታያለች።

"ይህቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?" አለች ዘቢደር አንድ ቀን፤ ያን ቀን አልሳቀችም።

የሞቱትን የሚቀብር ሰው ጠፋ። ባለሀብቱ ከታችኛው መንደር ያርጋል የሚባል ገበሬ ለመነ። ያርጋል ጎልማሳ ነው፤ ዝምተኛ። ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ይመጣል፣ ይቆፍራል፣ ይቀብራል፣ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። እሱ "እሪያ" ነው የሚላቸው፤ ካህናቱ እንደሚሉት።

በዚያው ሰሞን የሰው ትኩሳት ያርጋል መንደር ገባ።

በሁለቱ በሽታ መካከል ምንም የለም። ይህን ዛሬ እናንተም እኔም እናውቃለን። መንደሩ ግን አላወቀም። ሰው ይተኩሰዋል፣ ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይጥለዋል። ልጆች ሞቱ። የያርጋል ልጅም ሞተች። እኒያን አሳማዎች በቀበረባቸው እጆቹ የራሱን ልጅ ቀበረ።

ዘቢደር ግን አልታመመችም። የታመመ ቤት ገብታ ውኃ ስታጠጣ፣ ሬሳ ስትገንዝ ሰንብታ ራሷን እንኳ አላመማትም። መጀመሪያ መረቋት። ቆይተው ዝም አሏት። ኋላ ልጆቻቸውን ከመንገዷ ላይ ማንሳት ጀመሩ።

ጤና ጣቢያ ያሉት መጥተው የመንደሩን ሰው ደም ወሰዱ፤ የዘቢደርንም። ስጦታም ያን ቀን የሴትዮዋን ደም ወሰደች። መኪና ያላት እሷ ስለነበረች የሰውም የአሳማም ደም በእሷ መኪና ጎንደር ገባ።

መንደሩ በሙሉ ውጤት ይጠብቅ ነበር። በሽታውን ማን እንዳመጣው ይነገረናል ብለው ነበር የሚጠብቁት።

እንግዲህ ወደ ተዝካሩ ልመለስ።

ፀጋው ዘቢደርን ይዟት አልመጣም። መዋሸት አትችልም። "ባልሽ ምን ይሠራል?" ብለው ቢይዟት እውነቱን ትነግራቸዋለች። ለእሷም "አንቺ ዳባት ገበያ ሂጂ፣ እኔ ማታ እመለሳለሁ" ብሏት ነው የወጣው። እሺ አለች። ግን ከፍቷት ነበር።

ዳሱ ውስጥ ከአጎቱ ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤልና ከአክስቱ ከእትዬ የሺወርቅ መሀል ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

ስጦታ ናት።

"ፀጋው፣ የሴትዮዋ ውጤት መጣ" አለችው።

ተነስቶ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። እዚያም ሰው አለ።

"ምን ይላል ዶክተር?"

"እሷ ናት። የሞቱት ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ አንድ ዝርያ ነው። እሷ ውስጥ ያለው ከዚያ ትንሽ ይለያል። ብዛቱ ግን አያድርስ ነው... ይህን ያህል ቫይረስ በደሙ ይዞ በእግሩ የሚቆም እንስሳ አላየሁም።"

"እሷ እኮ ትበላለች።"

"እሱ ነው ነገሩ። እሷን ሳያማት ትሸከመዋለች። ወደ ሌላው ሲሄድ ተለውጦ ይገድላል።"

ፀጋው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰውስ?"

"ሰው አይዝም፤ እሱን ተወው። የመንደሩ ትኩሳት ሌላ ነው። በቅማል የሚተላለፍ፣ ግርሻ የሚሉት ትኩሳት ነው ብለዋል። ቀላል መድኃኒት አለው፤ ነገ ይዘው ይመጣሉ።"

"እሷንስ ምን ላድርጋት?"

"ዛሬውኑ ትወገድ። ትገደል፣ ትቃጠል፣ ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ተደርጎባት ትቀበር። ደህና ናት ብለህ ለሌላ አርቢ እንዳትሸጣት።"

ስልኩ ተዘጋ።

ፀጋው ወዲያው ያርጋል ጋ ደወለ። ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው፤ በአካባቢው ስልክም ያለው እሱ ብቻ ነው።

ዞር ሲል መሪጌታ ተከትለውት ወጥተው በሁለት ክንድ ርቀት ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ። እትዬ የሺወርቅ ውኃ ታፈስላቸዋለች። ሁለቱም ጆሯቸው እሱ ላይ ነው።

አሳማ የሚለው ቃል ካፉ ሊወጣ አይችልም። እሪያም ሊል አይችልም፤ መሪጌታ ከእሱ ይበልጥ ያውቁታል። ጋጣው ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ያርጋል ይገባዋል ብሎ ገመተ።

አሁን የሚባባሉትን ልብ ብላችሁ ስሙ። ፀጋው ቃል በቃል ነው የነገረኝ።

"ያርጋል።"

"አቤት።"

"የደሙ ውጤት መጣ።"

"ምን አሉ?"

"ሴትዮዋ ናት አሉ።"

ነፋስ ብቻ ይሰማል።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

መሪጌታ ቀና አሉ። ፀጋው ጀርባውን ሰጣቸው።

"እዚያ ያለችዋ ናታ። ሌላ ማን አለች?"

"ያንተዋ?"

"የኔዋ እንጂ።"

"ልጆቹንም... እሷ ናት የጨረሰቻቸው?"

ፀጋው ጡት ሥር ተደርድረው ያለቁት ግልገሎች ታዩት።

"ልጆቹንም። ሁሉንም እሷ ናት።"

ያርጋል ሲተነፍስ ይሰማል። ከባድ ትንፋሽ ነው።

"ፀጋው... አንተ ራስህ ነህ ይህን የምትለኝ?"

"እኔ ነኝ እንጂ። ያዘዙት ጎንደር ያሉት ናቸው። የመንግሥት ትእዛዝ ነው።"

"ምን ይደረግ አሉ?"

"ትወገድ። ዛሬ። ትቃጠልና ኖራ ተነስንሶባት ትቀበር። ጉድጓዱ አለ አይደል?"

"ብቻዬን አልችልም።"

"ሰው ጥራ። ጉልበት አላት፣ እንዳታመልጣችሁ።"

"ብትጮህስ?"

ፀጋው ሳቁ ሊመጣ ነበር። ገበሬ ሆኖ ይህን ይጠይቃል?

"ትጩህ። ጆሮ አትስጧት።"

"ዓይን ዓይናችንን ብታየንስ?"

እዚህ ላይ አልሳቀም። ያን አስተያየቷን ያውቀዋል። እሱም አይወደውም።

"ፊቷን ሸፍኑት" አለ።

"እሺ" አለ ያርጋል። "እግዜር ያጥናህ።"

ፀጋው ለእናቱ ተዝካር ያለው መሰለው። "አሜን" አለ።

ስልኩን ሲዘጋ እትዬ የሺወርቅ ማሰሮውን ይዛ ቆማለች።

"ምንድን ነው የሚቃጠለው፣ ልጄ?"

"ቆሻሻ ነው፣ እትዬ። የግቢ ቆሻሻ።"

ተመልሶ ገብቶ በላ። ጠላም ጠጣ። መሪጌታ ስለ እናቱ ደግነት ሲያወሩ አለቀሰ። ማንም ስለ ሥራው አልጠየቀውም። ደስ አለው።

ስለዚያ ደስታው ሲነግረኝ ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ፊቱን አይቼ ተውኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተሰናብቶ ወጣና ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ከኋላ ተጭነው የገበያ ሰዎች አሉ። ታንጉት፣ የመንደሩ ሴት፣ ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከዳባት መመለሷ ነው።

"ዘቢደርን አላየሻትም?" አላት። "አብራችሁ አልነበራችሁም?"

ታንጉት ከእሱ ትንሽ ሸሸት አለች።

"አልመጣችም" አለች።

"እንዴት?"

"ጠዋት ደጇ ሄጄ ጠራኋት። 'ልብስ ላጥብ፣ ማታ ሲመጣ ቤቱ ጸድቶ ይጠብቀው' ብላ ቀረች።"

ፀጋው መጀመሪያ ምንም አልመጣለትም።

መኪናው እየተንገጫገጨ ወጣ፣ ወረደ። ጉሙ ከገደሉ መነሳት ጀምሯል።

ከዚያ ያ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ተመለሰ። ያንተዋ?

የኔዋ እንጂ።

ስልኩን አወጣ። ደወለ። ያርጋል አያነሳም። ደገመ። አያነሳም። ታንጉት ዘንቢሏን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ታየዋለች።

ደጋግሞ፣ ደጋግሞ... ተነሳ።

"ያርጋል! አቁሙ!"

"አቤት" አለ ያርጋል። ድምፁ ደክሟል።

"አቁሙ። የምልህን ስማ..."

"አለቀ እኮ።"

"ምኑ?"

"ያልከው ሁሉ ተደርጓል። ሰው ጠራሁ። ልብስ ስታሰጣ ነው ያገኘናት። አላስቸገረችንም፣ ተከተለችን... 'የጠራኝ ፀጋው ነው?' ስትል አዎ አልናት።"

ፀጋው የመኪናውን ብረት ጨብጦ ተነሳ።

"ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ገባት። እንዳልከው ጮኸች። ስምህን ነው የምትጠራው። ስምህን ብቻ። እንዳልከው ጆሮ አልሰጠናትም።"

"ፊቷንም ሸፍነናል" አለ ያርጋል። "ጨካኞች እንዳትለን።"

አይሱዙው አፋፉ ላይ ሲደርስ ፀጋው መኪናው ሳይቆም ዘለለ። እንዴት እንደ ሮጠ አያስታውስም። ጫማው የት እንደ ወደቀ አያስታውስም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ጉም ግቢውን ሞልቶታል።

ገመዱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። የሱ ሸሚዝ አለ። ገና ይንጠባጠባል።

ጉድጓዱ ጋ ማንም የለም፤ ያርጋል ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁ እስከ ክርኑ በኖራ ነጭ ነው። ጉድጓዱ አፉ ድረስ በድንጋይ ተሞልቶ፣ በድንጋዮቹ መሀል ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ያርጋል ሲያየው ተነሳ። ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሊያቅፈው መጣ።

ፀጋው አልመታውም። አልሰደበውም። አልፎት ሄዶ ተንበርክኮ ድንጋዩን በእጁ መፈንቀል ጀመረ። ድንጋዩ ይፋጃል። እጁ ቢቃጠልም አልተወም።

"ዘቢደር" አለ። "ዘቢደር... እኔ ነኝ... ዘቢደር..."

ከኋላው፣ ከጋጣው፣ እንጨት ተንኳኳ።

ቆመ።

"ዘቢደር?"

ተንኳኳ።

ሁለቱም ዞሩ። ያርጋል ማተቡን ያዘ።

ፀጋው በጉሙ ውስጥ ወደ ጋጣው ሄደ። ሴትዮዋ ተነስታ ቆማለች። ግን እንደ ወትሮው ጥግ ላይ አይደለም። አጥሩን ተጠግታ፣ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ነው የቆመችው። ገላዋ ታጥቧል። ጭቃ የለባትም፤ ሳሙና ይሸታል።

"ማን አጠባት?" አለ ፀጋው።

"እኛ ወደ እሪያዋ አልደረስንም" አለ ያርጋል ከሩቁ። "በእግዚአብሔር፣ አልነካናትም።"

ሴትዮዋ ቀና ብላ ፀጋውን አየችው። ዓይኖቿ እርጥብ ናቸው።

ያኔ ነው አንገቷን ያየው።

ጥቁር ክር። ጫፉ ላይ ትንሽ የብር መስቀል አለች፣ አንዱ ክንዷ የጎበጠ። መስቀሏ የዘቢደር ናት። ክሩ የዘቢደር ማተብ ነው፤ ለቀጭን የሴት አንገት የተለካ። የሴትዮዋ አንገት ደግሞ የሰው ወገብ ያህላል። ሆኖም ክሩ አልተወጠረም፣ አልጠበቀም፤ አንገቷ ላይ ልክ ሆኖ ተቀምጧል።

ፀጋው በአጥሩ መሀል የተቃጠለ እጁን አስገባ። ሴትዮዋ አልሸሸችም። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሰጠችው።

ሊፈታው ነበር። ክሩን በጣቶቹ እየዳሰሰ ዙሪያውን ዞረ፣ ቋጠሮውን ፍለጋ። አንዴ ዞረው። እንደገና ዞረው።

ቋጠሮ የለውም።